ከቀዳዳው በፊት ጠብታውን፦ ኖዝል መንደፍ ለምትጀምሩ ወጣቶች

ውድ ልጆች፣

ፈሳሽን ወደ ጉም የሚለውጥ ኖዝል እንሥራ ስትሉ እጃችሁ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ቀጭኑ ፑንታ፣ ማለትም ወደ ቀጭኑ የብረት መብሻ፣ ነው። ቀዳዳው በጠበበ ቁጥር ውኃው የሚደቅ ይመስላል። ብዙ ሥራ በዚህ ሐሳብ ተጀምሮ በተደፈነ ቀዳዳ ያበቃል፤ ስለዚህ ከዚህ ስሕተት ልጀምርላችሁ።

ከክብ ቀዳዳ በዝግታ የሚወጣ የውኃ ክር ራሱን በራሱ ይቆራርጣል። የሚቆርጠው የገጽ ውጥረት ነው፤ ውኃው ገጹን ለማሳነስ ስለሚጥር ክሩ ላይ ያለችውን ትንሽ እብጠት እያጎላ ወደ ጠብታ ይሰበስበዋል። እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ሎርድ ሬይሊ እ.ኤ.አ. በ1878 ባወጣው ስሌት መሠረት፣ በዚህ መንገድ የሚፈጠር ጠብታ ከክሩ ውፍረት 1.9 እጥፍ ገደማ ይሰፋል። እንግዲህ አስሉት፤ ባለ 1 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ 2 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ጠብታ ይሰጣችኋል፤ ያ ዝናብ እንጂ ጉም አይደለም። የ50 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺሕኛ ነው) ጠብታ ከፈለጋችሁ ደግሞ ቀዳዳው 26 ማይክሮን መሆን አለበት። አብዛኛው የሰው ጠጉር ከዚያ ይወፍራል። እንዲህ ያለውን ቀዳዳ በወርክሾፕ መብሳት ይቅርና፣ ተበስቶ ቢመጣላችሁ እንኳ ከቧንቧ ውኃ ጋር አንድ ቀን አይውልም።

ጉም የሚወለደው ውኃው ከቀዳዳው ከወጣ በኋላ ነው። ፈሳሹን እንደ ስስ ሽፋን ዘርጉት፤ ሽፋኑ ወደ ውጭ በሰፋ ቁጥር ይሳሳል፤ አየሩ እንደ ባንዲራ ያውለበልበዋል፤ መጨረሻ ላይ ይቀደድና ክር ይሆናል፤ ክሩም ይቆራረጥና ጠብታ ይሆናል። ስለዚህ የነዳፊው ሥራ ውኃው እየሳሳ እንዲወጣ ማስገደድ ነው። ቀዳዳው በአንጻሩ ሰፊ ሊሆን ይችላል፤ ሰፊ ቀዳዳ ደግሞ በቀላሉ አይደፈንም።

ሥዕል ከመሣላችሁ በፊት ጠብታው ለምን እንደተፈለገ ወስኑ። በጸጥተኛ አየር 100 ማይክሮን የሆነ የውኃ ጠብታ በሴኮንድ 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ይወርዳል፤ ከ1 ሜትር ከፍታ መሬት ለመድረስ 4 ሴኮንድ ይበቃዋል። 10 ማይክሮኑ ግን በሴኮንድ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሚወርድ ያንኑ መንገድ ከ5 ደቂቃ በላይ ይንሳፈፍበታል፤ በደረቅ አየር ደግሞ ሳይደርስ ይተናል። ለአበባ ግሪንሃውስ እርጥበት የምትሠሩ ከሆነ ይህ መትነን የምትፈልጉት ነገር ነው። በጀርባ ለሚታዘል የፀረ ተባይ መርጫ ከሆነ ግን ያው ደቃቅ ጠብታ መድኃኒቱን ወደ ጎረቤት ማሳና ወደ ረጪው ሳንባ የሚወስድ ጠላት ነው። «ይበልጥ የደቀቀ ይበልጥ ጥሩ ነው» የሚለውን ሐሳብ ከልባችሁ አውጡት። አንድ ባለ 200 ማይክሮን ጠብታ በውስጡ የያዘው መድኃኒት የስምንት ባለ 100 ማይክሮን ጠብታዎች ነው፤ መጠኑ ሲለወጥ የሚለወጠው ብዙ ነገር ነው።

የጉልበቱንም ሒሳብ አንድ ጊዜ በእጃችሁ ሥሩት። አንድ ሊትር ውኃ ወደ 100 ማይክሮን ጠብታዎች ቢበተን የገጹ ስፋት 60 ካሬ ሜትር ይሆናል። ያን ገጽ ለመፍጠር በንድፈ ሐሳብ የሚያስፈልገው 4 ጁል ገደማ ነው። በ3 ባር ግፊት የተገፋ አንድ ሊትር ውኃ ግን 300 ጁል ይዞ ይመጣል። ከመቶ ሁለት እጅ የማይሞላው ብቻ ጠብታ ለመፍጠር ይውላል፤ የቀረው ውኃውንና አየሩን ለማሯሯጥ ይሄዳል። ይህን ያወቀ ሰው ጠብታ ለማድቀቅ ወደ ትልቅ ፓምፕ ከመሮጡ በፊት ሽፋኑን የሚያሳሳበት መንገድ ይፈልጋል።

የማድቀቂያ መንገዱ ብዙ ነው። በ1.7 ሜጋ ኸርዝ የሚንቀጠቀጥ የአልትራሳውንድ ሳህን 3 ማይክሮን ገደማ የሆነ ጠብታ ይሰጣል፤ የሚያስተናግደው ፍሰት ግን ጥቂት ነው። በአየር የሚታገዝ ኖዝል ዝልግልግ ፈሳሽንም ያደቅቃል፤ ኮምፕሬሰር ግን ይፈልጋል። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ስለሆነ፣ ያው ኮምፕሬሰር ወደ ውስጥ የሚስበው አየር በክብደት በዚያው ልክ ያንሳል፤ ካታሎግ ላይ የተጻፈውን ቁጥር እንዳለ አትውሰዱት። ለመጀመሪያ ሥራችሁ የምመክራችሁ በግፊት ብቻ የሚሠራውን፣ ውኃውን እያሽከረከረ ባዶ ሾጣጣ አድርጎ የሚያወጣውን ኖዝል ነው። ክፍሎቹ ሦስት ናቸው፦ ውኃውን በጎን የሚያስገቡ ቦዮች፣ ውኃው የሚሽከረከርበት ክብ ክፍልና መውጫው ቀዳዳ። ውኃው በክፍሉ ግድግዳ እየታከከ ገብቶ ሲሽከረከር መሐሉ ላይ የአየር ዘንግ ይፈጠራል። መውጫውን ውኃው አይሞላውም፤ በጠርዙ ዙሪያ ብቻ እየተለጠፈ ይወጣል። ስስ ሽፋኑ የተገኘው እንዲህ ነው።

በቁጥር እንሂድበት። በ3 ባር 0.4 ሊትር በደቂቃ የሚረጭ ኖዝል እንፈልጋለን እንበል። 3 ባር ለውኃ ሊሰጠው የሚችለው ትልቁ ፍጥነት 24.5 ሜትር በሴኮንድ ነው፤ ግፊቱን በፓስካል (3 ባር 300,000 ፓስካል ነው) በ2 አባዝታችሁ በውኃው እፍጋት፣ በ1,000፣ አካፍሉና ስኩዌር ሩቱን ውሰዱ። የአየር ዘንጉ መሐሉን ስለያዘው የፍሰት መጠን ማረሚያው፣ ማለትም በእርግጥ የሚወጣው ፍሰት ቀዳዳው ሞልቶ በዚህ ፍጥነት ቢፈስ ከሚወጣው ጋር ያለው ንጽጽር፣ 0.35 ይሁን። ፍሰቱን ለፍጥነቱና ለማረሚያው ብዜት ስታካፍሉ 0.78 ካሬ ሚሊ ሜትር ይመጣል፤ ይህም 1 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ነው። ዝልግልግነትን በማይቆጥረው ስሌት፣ ለ0.35 ማረሚያ የአየር ዘንጉ 44 በመቶ የሚሆነውን የቀዳዳ ስፋት ይይዛል፤ ስለዚህ በጠርዙ ዙሪያ ያለው የውኃ ውፍረት 0.17 ሚሊ ሜትር ነው። ልብ በሉ፤ በ1 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ 0.17 ሚሊ ሜትር ሽፋን አገኛችሁ፤ እሱም ከወጣ በኋላ ገና ይሳሳል።

የቦዮቹ ስፋት የሚወጣው ከዚሁ ነው። የቦዮቹ ጠቅላላ ስፋት፣ ለሽክርክሪቱ ዲያሜትርና ለመውጫው ዲያሜትር ብዜት ሲካፈል 0.53 መምጣት አለበት። ክፍሉን 4 ሚሊ ሜትር ካደረጋችሁትና ቦዩ 0.9 ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ በቦዮቹ መሐል መሐል የሚለካው የሽክርክሪት ዲያሜትር 3.1 ነው። ስለዚህ 1.64 ካሬ ሚሊ ሜትር ያስፈልጋል፤ 0.9 በ0.9 የሆኑ ሁለት ቦዮች ይሞሉታል። የሾጣጣው ማዕዘን በስሌት ወደ 77 ዲግሪ ይሆናል፤ ስትለኩት ግን ትንሽ ጠብቦ ታገኙታላችሁ። አማካይ ጠብታው ለውኃ ከ100 እስከ 130 ማይክሮን አካባቢ ነው። ቦዮቹን ብታጠቡ ሽክርክሪቱ ይበረታል፤ ማዕዘኑ ይሰፋል፤ ሽፋኑ ይሳሳል፤ ፍሰቱም ይቀንሳል። አራቱ አብረው ነው የሚሄዱት፤ አንዱን ብቻ ነጥሎ መለወጥ አይቻልም።

ዝልግልግነትን የዘለለው ስሌት ፍሰቱን አሳንሶ ያሳያል፤ የምትለኩት ከ10 እስከ 20 በመቶ ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ መውጫውን መጀመሪያ በ0.9 ፑንታ ብሱና ለኩ፤ ካነሰ ታሰፉታላችሁ። የሰፋን ቀዳዳ መልሶ የሚያጠብ የለም።

አሠራሩ ላይ ቆም በሉ፤ ኖዝል የሚበላሸው ከወረቀቱ ይልቅ እዚህ ነውና። ክፍሉንና መውጫውን፣ ኖዝሉ የሚሠራበትን ናስ ከቶርኖው (ብረት እያሽከረከረ ከሚቀርጸው ማሽን) ሳትፈቱ በአንድ አያያዝ ጨርሱ። ፈትታችሁ መልሳችሁ ካሰራችሁት መሐሎቻቸው አይገጥሙም፤ የሚረጨውም ጉም በአንድ ወገን ወፍሮ በሌላው ይሳሳል። የመውጫው ቀጥ ያለ ርዝመት ከዲያሜትሩ ግማሽ ቢሆን ይመረጣል፤ ከዲያሜትሩ ግን አይብለጥ፤ በረዘመ ቁጥር ግጭቱ ሽክርክሪቱን ይበላዋል። ቦዮቹ የክፍሉን ግድግዳ ታክከው ይግቡ፤ ወደ መሐል ካዘነበሉ ውኃው አይሽከረከርም። ፑንታው ሲወጣ ጠርዙ ላይ የሚተወውን የብረት ፍርፋሪ በማጉያ መነጽር አይታችሁ አጽዱ፤ ጠርዙ ግን ስለታም ሆኖ ይቅር። ጠርዙ ተሞርዶ ከዶለዶመ ሽፋኑ በትክክል አይለቅም። ቦዮቹን በተራ የፕላስቲክ ክር 3ዲ ፕሪንተር ለማተም አትሞክሩ፤ በ0.4 ሚሊ ሜትር አፍ የሚያትም ማሽን ባለ 0.9 ቦይን በትክክል አያወጣም፤ በንብርብሮቹ መሐልም ውኃ ያሾልካል። በሬዚን የሚያትመው ለሙከራ ይሻላል።

ከሁሉ በላይ ብዙዎች የማያዩት ጥፋት ቦዮቹ ያሉበት የሽክርክሪት ሳህንና መውጫው ያለበት ቆብ የሚገጥሙበት ቦታ ነው። ሁለቱ ፊቶች ጠፍጣፋ ካልሆኑ ውኃው ቦዮቹን ትቶ በስንጥቁ ይገባል፤ ሳይሽከረከር መውጫው ላይ ይደርሳል፤ ሾጣጣውም ወደ አንድ ወፍራም ዘንግ ይሰበሰባል። ሰው ይህን ሲያይ ቀዳዳውን ይወቅሳል። እናንተ ግን ሁለቱን ፊቶች በመስታወት ላይ በተዘረጋ ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት አስተካክሉና እንደገና ሞክሩ።

ስትሞክሩ ግፊት መለኪያው ከኖዝሉ ጎን ይሁን፤ ፓምፑ ላይ 3 ባር ያለው በቱቦና በማጣሪያ አልፎ ሌላ ቁጥር ይሆናል። ግፊቱን ከዜሮ ቀስ እያላችሁ ጨምሩና ቅርጹን ተመልከቱ። መጀመሪያ ይንጠባጠባል፤ ቀጥሎ የተጠማዘዘ ዘንግ ይሆናል፤ ከዚያ የሽንኩርት ራስ የመሰለ ዝግ አረፋ ይነፋል፤ አረፋው ይከፈትና አበባ ይመስላል፤ በመጨረሻ ቀጥ ያለ ሾጣጣ ሆኖ ይበተናል። ኖዝሉ በሥራ ግፊቱ ላይ ገና ሽንኩርት ከሆነ ወይ ግፊቱ አንሷል፣ ወይ ሽክርክሪቱ ደክሟል። ጉሙ ውስጥ ቋሚ መስመር ካያችሁ ጠርዙ ላይ ጭረት ወይም ፍርፋሪ አለ። በአንድ ወገን ከሳሳ ኖዝሉን በቦታው ሩብ ዙር አዙሩት፤ የሳሳው ቦታ አብሮ ከዞረ ጥፋቱ በኖዝሉ ውስጥ ነው፤ ካልዞረ የሚገፋው ነፋስ ነው።

ፍሰቱን በ1፣ በ2፣ በ3 እና በ4 ባር ለአንድ አንድ ደቂቃ፣ ሦስት ሦስት ጊዜ የልኬት መስመር ባለው ሲሊንደር ለኩ። ፍሰት የሚከተለው የግፊቱን ስኩዌር ሩት ነው፤ በ3 ባር 0.40 ከሆነ በ1 ባር 0.23፣ በ2 ባር 0.33፣ በ4 ባር 0.46 ሊሆን ይገባል። በከፍተኛው ግፊት ላይ ቁጥሩ ከዚህ ከወረደ ከግፊት መለኪያው በኋላ የታነቀ ቦታ ሊኖር ይችላል። የጠብታውን መጠን በቢጫው ውኃ ጠቋሚ ወረቀት መገመት ይቻላል፤ ጠብታ ሲያርፍበት ሰማያዊ ይሆናል። ነጥቡ ግን ከጠብታው ሁለት እጥፍ ያህል ስለሚሰፋ እንዳለ አትቁጠሩት፤ በጣም ደቃቁ ጠብታም ወረቀቱን ሳይነካ ከአየሩ ጋር ያልፋል። ፎቶ አነሳለሁ ካላችሁ የብልጭታውን ርዝመት አስቡ፤ በሴኮንድ 20 ሜትር የሚሄድ ጠብታ በ50 ማይክሮ ሴኮንድ 1 ሚሊ ሜትር ይጓዛል፤ የምታዩት ጠብታ ሳይሆን ጭረት ነው።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይባላል፤ ለኖዝል ይህ ቃል በቃል ይሠራል። የማጣሪያው ወንፊት ዓይን ከጠባቡ መተላለፊያ ሲሶ አይብለጥ፤ ጠባቡ መተላለፊያ ብዙ ጊዜ ቦዩ እንጂ መውጫው እንዳልሆነ አትርሱ። በ70 ባር ለሚሠራው የግሪንሃውስ ጉም፣ ቀዳዳው 0.15 ወይም 0.2 ሚሊ ሜትር ስለሚሆን፣ ባለ 5 ማይክሮን ማጣሪያ ያስፈልጋል። ካልሲየም የበዛበት የጉድጓድ ውኃ ግን በማጣሪያ አይገታም፤ ኖዝሉ ቆሞ ጫፉ ላይ ሲደርቅ ድንጋይ ይሠራል፤ ውኃውን ማለስለስ (ካልሲየሙን ማስወገድ) ወይም ኖዝሉን በደካማ አሲድ ማጠብ የግድ ነው። በ70 ባር ግፊት ላይ እጃችሁን ወደ ኖዝሉ አፍ አታስጠጉ፤ ቀጭን የውኃ ዘንግ ቆዳ ይበሳል። የተደፈነውን በሽቦ አትጎርጉሩ፣ በአፋችሁም አትንፉ፤ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ይበቃል።

በመጨረሻ ሙከራውን በውኃ ጨርሳችሁ አታስረክቡ። ዘይት ወይም ስኳር ያለበት ፈሳሽ ሽክርክሪቱን ያዳክማል፤ ማዕዘኑ ይጠብባል፤ ጠብታውም ይወፍራል። በውኃ ውስጥ የሚበጠበጥ ዱቄት መድኃኒት ደግሞ ናስን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል፤ የማይዝግ ብረት ከናስ ይቆያል፤ ሴራሚክ ከሁለቱም ይቆያል። አዲስ ሳለ የለካችሁትን ፍሰት ከኖዝሉ ጋር ጽፋችሁ ስጡ። ተጠቃሚው በየጊዜው እየለካ ከዚያ ቁጥር 10 በመቶ ሲያልፍ ይጥለው፤ በዓይን ሲያዩት ገና አዲስ ቢመስልም።