ዱጎንግን ከአየር ፎቶ መቁጠር

ጥያቄ፦ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ነኝ። ከ300 ሜትር ከፍታ በ12 ሜጋፒክስል ካሜራ በተነሡ ፎቶዎች ውስጥ ዱጎንግን (የባሕር ሣር የሚመገብ አጥቢ እንስሳ) የሚለይ ሞዴል እያሠለጠንኩ ነው። ሞዴሉ በዓይን የሚታዩትን እንኳ ያልፋቸዋል፤ የፀሐይ ነጸብራቅን ግን ዱጎንግ ይለዋል። ምን ላርመው? የሚሰጠኝንስ ቁጥር እንደ እንስሳቱ ብዛት ልውሰደው?
ከአቡ ዳቢ

መልስ፦ ሞዴሉን ከመቀየርዎ በፊት ፎቶው በምን መጠን እንደሚገባለት ይመልከቱ። ከፍታውን በሴንሰሩ የአንድ ፒክስል ስፋት ያባዙና ለሌንሱ የትኩረት ርዝመት ያካፍሉ። ፒክስሉ 5.5 ማይክሮን፣ ሌንሱ 50 ሚሊሜትር ቢሆን፣ እያንዳንዱ ፒክስል ባሕሩ ላይ 3.3 ሴንቲሜትር ይሸፍናል። 2.5 ሜትር የሚረዝም ዱጎንግ 75 ፒክስል ያህል ይይዛል፤ ይህ በቂ ነው። ችግሩ የሚመጣው ሞዴሉ 4288 ፒክስል ስፋት ያለውን ፎቶ ወደ 640 ሲያሳንሰው ነው፤ ዱጎንጉ 11 ፒክስል ብቻ ይቀራል፣ ከማዕበል ጥላም አይለይም።

ስለዚህ ፎቶውን አያሳንሱት፣ በ640 ፒክስል ቁራጮች ይክፈሉት። ቁራጮቹ በ128 ፒክስል ይደራረቡ፤ ይህ 4.2 ሜትር ስለሆነ መቁረጫው መስመር ላይ የወደቀ እንስሳ ቢያንስ በአንዱ ቁራጭ ሙሉ ሆኖ ይታያል። ሞዴሉ ባገኘው እንስሳ ዙሪያ ሳጥን ያስምራል፤ አንድ እንስሳ ሁለት ጊዜ እንዳይቆጠር ተደራራቢ ሳጥኖችን በሚያጠፋው ደረጃ ላይ ግን ይጠንቀቁ፦ ግልገል ከእናቱ ተጠግቶ ስለሚዋኝ፣ በጥቂቱ የተደራረበው ሁሉ እንዲጠፋ ካደረጉ የግልገሉ ሳጥን ይጠፋል።

ለነጸብራቁ ዋናው መድኃኒት በረራው ላይ ነው። እኩለ ቀንንና ነፋሻ ሰዓትን ይሽሹ፤ አንዱ ፎቶ ላይ ነጸብራቅ የሸፈነው ውኃ በሚቀጥለው እንዲታይ ፎቶዎቹ ይደራረቡ። የተነሡትን በተመለከተ፣ ሞዴሉ የተሳሳተባቸውን የነጸብራቅና የአረፋ ቁራጮች «ባዶ» ብለው ወደ ማሠልጠኛው ይመልሱ። ማሠልጠኛውንና መፈተኛውን በበረራ ይለዩ፤ በፎቶ ከለዩ ያው እንስሳ በሁለቱም ወገን ይገኝና ውጤቱ ያታልልዎታል።

ቁጥሩን እንዳለ አይውሰዱት። ሞዴሉ «ዱጎንግ ነው» ለማለት የሚያስፈልገውን የእርግጠኝነት ወሰን ዝቅ ያድርጉ፦ የሐሰት ምልክትን ሰው አይቶ ይጥለዋል፣ ሞዴሉ ያለፈውን ግን ማንም አያየውም። ጠልቆ ያለ ዱጎንግ ደግሞ በደፈረሰ ውኃ ከነአካቴው ፎቶ ላይ አይወጣም። አውስትራሊያ ውስጥ ለዚህ ማረሚያ ሲሠራ የዱጎንግ አምሳያ ወደ ውኃ እየወረደ እስከ ምን ጥልቀት እንደሚታይ ተለክቷል፤ እንስሳቱ ላይ በታሰረ መሣሪያም በየጥልቀቱ የሚቆዩበት ጊዜ ተመዝግቧል።

ሞዴሉ ስንቱን እንደሚያልፍ ለማወቅ በዕጣ የወጡ ፎቶዎችን፣ ሞዴሉ ባዶ ያላቸውን ጨምሮ፣ ውጤቱን ላላየ ሰው ይስጡ። ሰውየው 40፣ ሞዴሉ 36 ቢያገኙና 30ው የጋራ ቢሆን፣ ሞዴሉ ሰውየው ካያቸው ሦስት አራተኛውን አግኝቷል ማለት ነው፤ 36ቱም የጠቅላላው ሦስት አራተኛ ተብለው ሲወሰዱ ግምቱ 40 × 36 ÷ 30 = 48 ነው። ደብዛዛውን እንስሳ ሁለቱም ስለሚስቱት 48ም ዝቅ ያለ ግምት ነው፤ የጥልቀቱ ማረሚያ የሚታከለው ከዚህ በኋላ ነው።