መልስ፦ በቪትዝ ሐረና ጫካ ይገባል ወይ?

ወንድሜ፣ ከጎባ ተነስተህ ባሌ ያለውን ሐረና ጫካን በቪትዝ፣ በዚያች ትንሽ የቤት መኪና፣ ለማቋረጥ ነው ያሰብከው። ባይሆን ይሻላል። ፎር ባይ ፎር ተከራይ፤ ከጓደኛ ጋር ከተካፈላችሁት ያን ያህል አይጎዳም።

ነዳጅህን ጎባ ላይ ሙላ። ከጫካው በፊት የምታልፈው የሳነቴ ሜዳ ከፍታው ከ4,000 ሜትር በላይ ስለሆነ በረሃ የምትሄድ መስሎህ በሸሚዝ እንዳትወጣ። ዋናው ነገር ከሳነቴ ጫካው ውስጥ ወዳለችው ሪራ መንደር ያለው ቁልቁለት ነው። መንገዱ እየተጠማዘዘ ይወርዳል፣ ጉሙ ደግሞ ድንገት ነው የሚውጥህ። ፍሬን ላይ አትተኛ፣ ይግልብሃል። በሁለተኛ፣ ሲብስ በአንደኛ ማርሽ ይዘህ ቀስ እያልክ ውረድ። እኔ መጀመሪያ የሄድኩ ጊዜ ይህን ሳላውቅ ግማሽ መንገድ ላይ የፍሬኑ ሽታ መኪናውን ሞላው። ቆመን እስኪበርድ ጠበቅን። ጉሬዛዎቹ ከላይ ሆነው ሲያዩን ነበር፣ ሳይስቁብን አይቀሩም።

ጫካው ውስጥ ዛፉ ሁሉ ሽበት ያበቀለ ይመስላል፣ ሥሩ ደግሞ የዱር ቡና አለ። ዝናብ ከጣለ ጭቃው ሳሙና ነው። ስለዚህ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ሂድ። ስኮርታ ጎማ፣ አካፋና መጎተቻ ገመድ አትርሳ። ሪራ ላይ ማር ግዛ።