የሕዝብ ገንዘብ፣ ጥበብና የቤት ሰላም፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ለ9 ዓመት የጥበብ ድጋፍ ገንዘብ በሚያከፋፍል ኮሚቴ ውስጥ ገምጋሚ ነበርኩ። ባለቤቴ ሰዓሊ ነው። ስለዚህ ይህ ጉዳይ ለእኔ የቢሮ ብቻ አይደለም። ቤቴ ድረስ ገብቶ ስንት ጊዜ አኳርፎናል። «ጠይቁኝ» ብዬ ነበር፤ ብዙ ጥያቄ መጣ። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ የምችለውን ልመልስ። ዓመቶቹን የምጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ ከደመወዜ የሚቆረጠው ግብር ለሥዕልና ለቲያትር መዋሉ ያናድደኛል። ሆስፒታል አልጋ ሲያጥረው ይሄ ቅንጦት አይደለም ወይ?

መልስ፦ ንዴትህ ይገባኛል፤ ጥያቄህም ከባድ ነው። የጥበብ ሰዎች ይህን ሲሰሙ ቶሎ ይቆጣሉ። ቁጣ ግን መልስ አይሆንም።

እኔን ያሳመነኝ ነገር የመጣው ከኢኮኖሚ ነው። በ1966 ዊልያም ባውሞልና ዊልያም ቦወን የተባሉ ሁለት የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት ስለ መድረክ ጥበብ አንድ ቀላል ነገር አስተዋሉ። ከ200 ዓመት በፊት ለአራት ሙዚቀኞች የተደረሰ ሙዚቃ ዛሬም አራት ሙዚቀኛ ይፈልጋል። የሚፈጀው ደቂቃም ያው ነው። የሸሚዝ ፋብሪካ ግን በዚያው ሰዓት ድሮ ያመርት ከነበረው ስንት እጥፍ ያመርታል። የፋብሪካው ሠራተኛ ደመወዝ ሲያድግ የሙዚቀኛውም አብሮ ማደግ አለበት፤ አለዚያ ሙያውን ጥሎ ይሄዳል። ስለዚህ መድረክ ላይ የሚሠራ ነገር ዋጋው ከዓመት ዓመት ይንራል። ያኔ ወይ ትኬቱን ሀብታም ብቻ ይገዛዋል፣ ወይ ልዩነቱን ሌላ ሰው ይሸፍናል።

ነርስና አስተማሪም እዚያው ችግር ውስጥ ናቸው። ታማሚን አገላብጦ፣ አጥቦ፣ አጉርሶ ለመጨረስ የሚወስደው ጊዜ ድሮም ዘንድሮም አንድ ነው። ሆስፒታሉና ቲያትር ቤቱ የታመሙት በአንድ በሽታ ነው። ለዚህ ነው እርስ በርስ ሲያጋጯቸው የሚያሳዝነኝ።

መጠኑንም እንየው። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት የጥበብ ድጋፍ ድርጅት በ2023 የተመደበለት 207 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ሲሰሙት ብዙ ነው። ከጠቅላላ የፌዴራል ወጪ ጋር ሲተያይ ግን ከ100 ዶላር ውስጥ ግማሽ ሳንቲም እንኳ አይሞላም። ትንሽ ስለሆነ አትጠይቁ ማለቴ አይደለም። ትንሽም ብትሆን የሕዝብ ናት፤ አወጣጧ ይጠየቃል። ግን «እሷን ቆርጬ አልጋ እገዛለሁ» የሚል ፖለቲከኛ ከመጣ «ሒሳቡን አሳየኝ» በለው።

ጥያቄ፦ ለምን ለግል ኩባንያዎች አይተውም? ስፖንሰር አለ እኮ።

መልስ፦ ስፖንሰር ጥሩ ነው፤ እሰየው። ግን ስሙ የገነነውን ይወዳል። ገና ለሚጀምር ልጅ፣ ከትልቅ ከተማ ለራቀ ቦታ፣ ለማያስቅ ሥራ ብዙም አይደርስም። ሽያጭ ሲቀንስ ደግሞ መጀመሪያ የሚቆረጠው እሱ ነው።

ጥያቄ፦ መንግሥት እየከፈለው መንግሥትን የሚተች ጥበብ እንዴት ይኖራል? የሚሰጥ እጅ ምንጊዜም ከላይ አይደል?

መልስ፦ ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው። ረዘም አድርጌ ልመልሰው።

እንግሊዞች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የጀመሩትን የጥበብ ድጋፍ በ1946 ወደ ቋሚ ምክር ቤት ለወጡት። ሐሳቡን የገፋው ታዋቂው ኢኮኖሚስት ጆን ሜናርድ ኬንስ ነው። እሱ ግን ምክር ቤቱ ቻርተሩን ከማግኘቱ ጥቂት ወራት በፊት ሞተ። አሠራሩን «የክንድ ርቀት» ይሉታል። መንግሥት ጠቅላላ ገንዘቡን ይመድባል፤ ለማን ይድረስ የሚለውን ግን ከመንግሥት ውጭ ያሉ ሰዎች ይወስናሉ። ሚኒስትሩ እጁን ቢዘረጋ እንዳይደርስ ማለት ነው። ፈረንሳዮች በሌላ መንገድ ሄዱ። በ1959 የባህል ሚኒስቴር አቋቁመው ደራሲውን አንድሬ ማልሮን ሾሙበት። እዚያ መንግሥት ራሱ ነገሩን ይመራል። በሁለቱም አገር ትልልቅ ሥራ ተሠርቷል። እኔ ግን የመጀመሪያውን እመርጣለሁ።

ሆኖም ክንዱ የቱንም ያህል ቢርቅ ቦርሳው ያለው ያው ፖለቲከኛው ኪስ ውስጥ ነው። አሜሪካኖች በ1935 ሥራ ላጡ የመድረክ ሰዎች የፌዴራል የቲያትር ፕሮጀክት ከፍተው ነበር። ሥራዎቹ ፖለቲካ ያወራሉ ተባለ። በ1939 ኮንግረስ ገንዘቡን አቆመው፤ ፕሮጀክቱ በአራት ዓመቱ ተዘጋ። ከ50 ዓመት በኋላ ደግሞ በሕዝብ ገንዘብ ድጋፍ ያገኙ የአንድሬስ ሴራኖና የሮበርት ሜፕልቶርፕ ፎቶግራፎች አገር ምድሩን አጨቃጨቁ። በ1990 ድጋፍ ሲሰጥ ጨዋነትና የሕዝቡ ልዩ ልዩ እምነት ከግምት ይግባ የሚል ሕግ ወጣ። አርቲስቶች ከሰሱ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1998 ሕጉን አጸናው። በ1992 ወደ 176 ሚሊዮን ዶላር ደርሶ የነበረው የዚያው የፌዴራል ድጋፍ ድርጅት በጀትም በ1996 ከ100 ሚሊዮን በታች ወርዶ ነበር። ለግለሰብ አርቲስቶች በቀጥታ ይሰጥ የነበረው ድጋፍ አብዛኛው የቀረው በዚያው ሰሞን ነው።

አሁን ከውስጥ ያየሁትን ልንገራችሁ። አንድ ዓመት ከመኖሪያቸው ስለተነሱ ሰዎች የሚናገር የቲያትር ማመልከቻ ደረሰን። ሦስተኛው ገጽ ላይ አንዲት ሴት የቤቷን ቁልፍ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ትዞራለች፤ ቤቱ ግን ፈርሷል። አንብበን ዝም አልን። ከዚያ አንዱ ገምጋሚ «ይሄ ጣጣ ያመጣብናል» አለ። ሁላችንም ነጥብ ቀነስን። እኔም ቀነስኩ። ምክንያት ብለን የጻፍነው «በጀቱ ግልጽ አይደለም» የሚል ነበር። ከላይ የደወለልን ሰው የለም። ያዘዘንም የለም። እኛው ፈርተን እኛው ቆረጥነው። ያን ቀን የሰጠሁት ነጥብ እስከ ዛሬ ይቆጠቁጠኛል።

ስለዚህ ስለ ነፃነት ስንከራከር ሚኒስትሩን ብቻ አንይ። ገምጋሚው የጻፈው ምክንያት ሙሉ በሙሉ ለአመልካቹ ይድረስ። «በጀቱ ግልጽ አይደለም» ከተባለ የትኛው መስመር እንደሆነ ይጻፍ። ያኔ ከጀርባው መደበቅ ይከብዳል።

ጥያቄ፦ ሁልጊዜ የሚያሸንፉት ያው ሰዎች ናቸው። ዳኞቹ ጓደኞቻቸው አይደሉ?

መልስ፦ አንዳንዴ አዎ። ብዙ ጊዜ ግን ችግሩ ሌላ ነው። ማመልከቻ መጻፍ ራሱ ሙያ ሆኗል። ጎበዝ ጸሐፊ ያገኛል፤ ጎበዝ ሠዓሊ ግን በአጻጻፍ ይወድቃል። በድምፅ ወይም በአጭር ቪዲዮ ማመልከት ቢፈቀድ ብዙ ነገር ይለወጣል።

አየርላንድ በ2022 የሞከረችው ይማርከኛል። ለ2,000 አርቲስቶችና የጥበብ ሠራተኞች በሳምንት 325 ዩሮ መስጠት ጀመረች። መስፈርቱን ካሟሉት መካከል ተቀባዮቹ የተለዩት በዕጣ ነው። የማንም ዳኛ ምርጫ የለበትም፤ የማንም ጓደኛ የለበትም። ለሁሉም ዓይነት ድጋፍ ዕጣ ይሁን አልልም። አንድ ትልቅ ሐውልት በዕጣ አይሠራም። ለመኖሪያ የሚሆን መደበኛ ድጋፍ ግን በዕጣ ቢሆን ብዙ ሐሜት ይቀራል።

ጥያቄ፦ እርስዎ ገምጋሚ፣ ባለቤትዎ ሰዓሊ። ቤት ውስጥ እንዴት ተቻቻላችሁ?

መልስ፦ መጀመሪያ ላይ አልተቻቻልንም።

ደንቡ የገምጋሚ የትዳር ጓደኛ እንዳያመለክት ይከለክላል። ትክክለኛ ደንብ ነው። ግን ገምጋሚ ለመሆን የፈረምኩት ፊርማ የእሱን በር ዘጋው፤ እኔ ደግሞ ስፈርም አላማከርኩትም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እያሉ የሚጎተጉቱኝ ዘመዶች ነበሩ። እሱ አንድም ቀን እንዳዳላለት ጠይቆኝ አያውቅም። የጎዳው ሳልነግረው መፈረሜ ነው። ሦስት ወር ያህል በአንድ ጣሪያ ሥር እንደ ሁለት ተከራይ ኖርን።

ቤታችን ውስጥ አንድ ትልቅ ጠረጴዛ ነው ያለው። ማታ ማታ እሱ ይሥልበታል። እኔም የማመልከቻ ክምር ይዤ እመጣና እዚያው እዘረጋለሁ። አንድ ማታ ክምሩን ያልደረቀ ሥዕሉ ላይ አስቀመጥኩት። ሳነሳው የመጨረሻው ገጽ ሰማያዊ ሆኗል። ሥዕሉ ላይ ደግሞ የወረቀቱ ጠርዝ ቁልጭ ብሎ ታትሟል። የማናውቀው ሰው ተስፋና የእሱ የአንድ ወር ልፋት፣ ሁለቱም ተበላሹ። ቆመን አየነው። እኔ አለቀስኩ። ከዚያ ማታ ጀምሮ ነው በደንብ መነጋገር የጀመርነው።

የተስማማንባቸው ነገሮች ቀላል ናቸው። የኮሚቴ ወረቀት ቤት አይገባም፤ ቢሮ አምሽቼ እጨርሳለሁ። ጠረጴዛው የእሱ ነው። ስለ አመልካቾች እሱ አይጠይቅም፣ እኔ አልናገርም። የገንዘብ ወሬ ቅዳሜ ጠዋት ብቻ፣ ቢበዛ አንድ ሰዓት። እንዲህ በመሆኑ የሌላው ቀን ማታ ከወጪና ከብድር ወሬ አረፈ። ሰላም ያገኘነው ከዚህች ከቅዳሜዋ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

አንድ ሌላም አለ። ከሌሎች ድርጅቶች የሚመጣለት መልስ ማታ አይከፈትም። «አልተቀበልንዎትም» የሚል ደብዳቤ ሌሊቱን ሙሉ ያንገበግባል። ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይባል የለ? ሰው በዚያ ሰዓት ሙያውንም ትዳሩንም መቁረጥ ያምረዋል። ጠዋት ሲነበብ ያው ደብዳቤ ነው፤ ግን ቀኑ ገና ከፊት አለ።

ጥያቄ፦ ለመጀመሪያ ጊዜ ግራንት፣ ማለትም የጥበብ ድጋፍ ገንዘብ፣ አገኘሁ። ባለቤቴ «ቤቱን እናድስበት» ይላል። እኔ ለሥራዬ ነው እላለሁ። ተጣላን።

መልስ፦ እንኳን ደስ አለሽ! መጀመሪያ ይህን እወቂ፤ ውል ፈርመሽ የተቀበልሽው ገንዘብ ለተጻፈለት ነገር ብቻ ነው የሚውለው። በሪፖርት ትጠየቂበታለሽ። ስለዚህ ዛሬውኑ የተለየ የባንክ ሒሳብ ክፈቺለት። ከቤት ወጪ ጋር ከተቀላቀለ በኋላ ማን ምን እንደወሰደ ለማወቅ ጭቅጭቅ ነው።

ባለቤትሽን ግን አትቀየሚው። እሱ ስንት ወር ኪራዩን ብቻውን ከፍሎ ይሆናል። ውሉን ገልጠሽ አብራችሁ አንብቡት። እዚያ ውስጥ የራስሽ የድካም ዋጋ ተጽፎ ከሆነ ያ ያንቺ ነው፤ ወደ ቤት ሊገባ ይችላል። አልተጻፈም? ብዙዎች ይረሱታል። ስንት ማመልከቻ አይቻለሁ፤ ቀለሙ አለ፣ የአዳራሽ ኪራዩ አለ፣ የሠዓሊዋ ወር ሙሉ ሥራ ዜሮ። በሚቀጥለው ስታመለክቺ የራስሽን ክፍያ የመጀመሪያው መስመር ላይ ጻፊው።

ገቢያችሁ አንድ ወር ሞልቶ ሁለት ወር የሚደርቅ ከሆነ ደግሞ ያለፉትን ሦስት ዓመታት ደምሩና ለ36 አካፍሉ። የምትኖሩት ከዚያ ባነሰ ይሁን። ሞልቶ የመጣው ወር የደረቀውን ይሸፍናል።

ጥያቄ፦ የሴት ልጄ ባል ቤተሰብ ሲሰበሰብ ሁሉ «አርቲስት የሕዝብ ጥገኛ ነው» ይላል። ልጄ ሙዚቀኛ ነው። ገበታው ሳይነሳ ጠብ ይነሳል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ አባቴ፣ ሁለቱንም ልጆችዎ አድርገው መያዝዎ ያስመሰግንዎታል። አማችዎን በቁጥር ለመርታት አይሞክሩ። አንድ ታሪክ ይንገሩት።

በ1981 ኒው ዮርክ ውስጥ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ያሉበት አደባባይ ላይ ሪቻርድ ሴራ የተባለው ቀራፂ ትልቅ የብረት ግድግዳ አቆመ። ርዝመቱ ወደ 36 ሜትር፣ ቁመቱ ከሁለት ሰው ቁመት በላይ። የተከፈለው ከሕዝብ ገንዘብ ነው። እዚያ የሚሠሩ ሰዎች በየቀኑ እሱን ዞረው ማለፍ ነበረባቸው። ብዙዎቹ ጠሉት። በ1985 ሕዝብ ተሰብስቦ ተከራከረበት፤ በ1989 ተቆራርጦ ተነሳ። ቀራፂው ይህ ሥራ ለዚህ ቦታ ብቻ የተሠራ ስለሆነ ማንሳት ማጥፋት ነው ብሎ ነበር።

ከዚያ አማችዎን ይጠይቁት፤ አንተ ብትሆን ምን ትወስን ነበር? ሙዚቀኛ ልጅዎንም ያንኑ ይጠይቁት። መልሳቸው እርስዎ እንዳሰቡት ላይሆን ይችላል። እኔ ራሴ በዚህ ጉዳይ ከሠራተኞቹ ጋር ነኝ፤ ሥራው ትልቅ ቢሆንም በየቀኑ አብረውት የሚኖሩት ሰዎች ቀድመው መጠየቅ ነበረባቸው። ባለቤቴ ደግሞ ከቀራፂው ጋር ነው። ስንከራከርበት ዓመታት አለፉ፤ ተኳርፈንበት ግን አናውቅም። «ጥገኛ» የሚለው ቃል ሲነሳ ግን ይቁረጡት። ልጅዎ እዚያው ተቀምጦ ነው የሚሰማው።

ጥያቄ፦ ከኮሚቴው ወጥተዋል። ባለቤትዎ አሁን ያመለክታሉ?

መልስ፦ ደንቡ ከወጣሁ በኋላም ሁለት ዓመት መጠበቅ ይጠይቅ ነበር። ጠበቅን። ዘንድሮ አመለከተ። ማመልከቻውን አላነበብኩትም፤ እሱም አንብቢልኝ አላለኝም። የራሱን ክፍያ የመጀመሪያው መስመር ላይ እንዲጽፍ ብቻ ነገርኩት። መልሱ በዚህ ወር ይመጣል። ማታ ከመጣ ጠረጴዛው ላይ ያድራል፤ ጠዋት እሱ ይከፍተዋል።