የመኪና ጥያቄና መልስ፦ የሚያብረቀርቀው ዳሽቦርድ

ጥያቄ፦ ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ። በፈረንጆች አቆጣጠር በ2004 የተሠራች ቪትስ አለችኝ። በሥራ ቀናት ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ጀምሮ እስከ 11 ሰዓት ተኩል ድረስ ጥላ በሌለው የመሥሪያ ቤታችን ግቢ ቆማ ትውላለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ላቫጆ ስወስዳት ልጆቹ ውጪዋን አጥበው ሲጨርሱ ዳሽቦርዱንና የበሮቹን ፕላስቲክ ሽታው ደስ በሚል ቅባት ያሹልኛል። በዕለቱ እንደ አዲስ ያብረቀርቃል፤ ሰኞ ግን አቧራው እንደ ዱቄት ተለጥፎበት አገኘዋለሁ። ፀሐይ ከፊት ለፊቴ ስትሆን ደግሞ የዳሽቦርዱ ነጸብራቅ በመስታወቱ ላይ እየወጣ መንገዱን ይጋርድብኛል። የመስታወቱ የውስጥ ገጽም ብጠርገው ብጠርገው ተመልሶ የሚመጣ ጭጋግ የመሰለ ነገር ይዟል። ቅባቱን ልተወው? ብተወውስ ፕላስቲኩ ደርቆ አይሰነጠቅብኝም ወይ?
አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ይተዉት። ብዙዎቻችን ፕላስቲክን እንደ ቆዳ ስለምናየው ቅባት ካልጠጣ የሚደርቅ ይመስለናል፤ የቪትስዎ ዳሽቦርድና የበር ፕላስቲክ አብዛኛው ክፍል ግን ምንም የማይጠጣ ደረቅ ፕላስቲክ ስለሆነ፣ የተቀባው ነገር ሁሉ ላዩ ላይ ቀርቶ አቧራ ከመሰብሰብ በቀር የሚሰጠው ጥቅም የለም። ለስለስ ያለው ቪኒል ጉዳዩ ትንሽ ይለያል። ቪኒል በመሠረቱ ለፍሳሽ ቱቦ የምንጠቀምበት ፒቪሲ ነው፤ በተፈጥሮው ጠንካራ ሲሆን እንደ ጨርቅ እንዲታጠፍ የሚያደርገው ፋብሪካ ውስጥ የሚጨመርበት ፈሳሽ ማለስለሻ ነው። ፀሐይ ላይ በዋለ መኪና ውስጥ ዳሽቦርዱ እስከ 70 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ድረስ ሊግል ይችላል። በዚህ ሙቀት ማለስለሻው ቀስ በቀስ እየተነነ ይወጣና ቀዝቀዝ ባለው መስታወት ላይ ያርፋል። ስለዚህ ከመስታወቱ ላይ የሚጠርጉት ጭጋግ ከፊሉ ከፕላስቲኩ የወጣው ማለስለሻ፣ ከፊሉም ቅዳሜ ቅዳሜ የሚቀባው ቅባት ራሱ ነው። የወጣውን ማለስለሻ ወደ ቦታው የሚመልስ ቅባት የለም፤ የምንችለው እንዳይወጣ ሙቀቱን መቀነስ ብቻ ነው።

በላቫጆ ልጆች ላይ መፍረድ አልፈልግም። እኛ ደንበኞች ጉርሻ የምንሰጠው ለሚያብረቀርቅ ነገር እንጂ ለንጹሕ ነገር አይደለምና እነሱም የተጠየቁትን ያደርጋሉ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን «የውስጡን ተዉልኝ» ይበሏቸውና እንደሚከተለው ራስዎ ይሞክሩት።

መኪናዋን ጥላ ውስጥ አቁመው ዳሽቦርዱ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ፤ በጋለ ገጽ ላይ የሳሙና ውኃ ቶሎ ስለሚደርቅ ነጭ ምልክት ይተዋል። ከማርጠብዎ በፊት አቧራውን በቫክዩም ወይም ለስላሳ ጸጉር ባለው የቀለም ብሩሽ ያንሱት፣ በተለይም ከአየር ማስገቢያው ወንፊት ውስጥ። የከተማችን አቧራ ደቃቅ አሸዋ ያለበት በመሆኑ በደረቅ ጨርቅ ሲፈተግ ፕላስቲኩን ይጭረዋል። ከዚያ በአንድ ሊትር ለብ ያለ ውኃ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ይበጥብጡ። የልብስ ዱቄት ሳሙና አይጠቀሙ፤ ኃይለኛ ከመሆኑም ሌላ በፕላስቲኩ ጎድጓዳ ሥፍራዎች ገብቶ ይነጣል። ማይክሮፋይበር ጨርቅ ነክረው ጥርቅም አድርገው ይጭመቁና በትንሽ በትንሹ ይጥረጉ፤ ወዲያው በንጹሕ ውኃ በራሰ ሌላ ጨርቅ ይከተሉት፤ በመጨረሻ ያድርቁት። ለዓመታት የተደራረበ ቅባት በአንድ ጊዜ አይለቅም፤ ሁለትና ሦስት ጊዜ መደጋገም ያስፈልጋል። መልቀቁን የሚያውቁት ጨርቁ መንሸራተቱን ሲያቆምና በጣትዎ ሲነኩት አሻራ ሳይቀር ሲቀር ነው። ያን ጊዜ ዳሽቦርዱ ደብዘዝ ያለ መልክ ይኖረዋል፤ አይደንግጡ፣ ከፋብሪካ ሲወጣም እንዲሁ ነበር። ነጸብራቁ መስታወት ላይ ወጥቶ ሾፌሩን እንዳያስቸግር ሆን ተብሎ የተሠራ መልክ ነው።

ፈሳሽ ነገር በቀጥታ በማብሪያ ማጥፊያዎችና በሬዲዮው ላይ አይርጩ፤ ሁልጊዜ ጨርቁ ላይ ያድርጉት። የፍጥነትና የነዳጅ መለኪያዎቹን የሚሸፍነው ብርሃን አሳላፊ ፕላስቲክ ደግሞ ከሁሉም በላይ በቀላሉ የሚጎዳ ነው። አልኮል ወይም አሞኒያ ያለበት የመስታወት ማጽጃ ሲነካው እንደ ሸረሪት ድር ያለ ደቃቅ ስንጥቅ ሊያወጣ ስለሚችል፣ በውኃ በራሰ ለስላሳ ጨርቅ ብቻ ይጥረጉት። የፊት መስታወቱን የውስጥ ገጽ በመጨረሻ ያጽዱ።

መከላከያ መቀባት የግድ ነው አልልም። ከፈለጉ ግን መሠረቱ ውኃ የሆነ፣ የማያብለጨልጭና ከፀሐይ ጨረር እንደሚከላከል የተጻፈበትን ይምረጡ፤ ጨርቅ ላይ አድርገው በስሱ ከቀቡ በኋላ በደረቅ ጨርቅ አሽተው ትርፉን ያንሱ። በወር ወይም በሁለት ወር አንድ ጊዜ ይበቃል። መሪ፣ የማርሽ ዘንግና ፔዳሎች ላይ ግን ምንም ዓይነት ቅባት አይንካ፤ እግር ከፍሬን ላይ ቢንሸራተት የሚያስከትለውን መገመት አያስቸግርም።

የአዲስ አበባ ፀሐይ ጉዳይ ራሱን የቻለ ነገር ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ ሲሆን፣ በየ1,000 ሜትሩ የአልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ይሁንና የፊት መስታወት በሁለት መስታወቶች መካከል የፕላስቲክ ንጣፍ ያለው በመሆኑ አብዛኛውን ጨረር ያስቀረዋል። የጎንና የኋላ መስታወቶች ግን ብዙውን ጊዜ ነጠላ ስለሆኑ ከፊት ለፊቱ የበለጠ ያሳልፋሉ፤ የበሮች የላይኛው ጠርዝና ከኋላ ወንበር በስተጀርባ ያለው መደርደሪያ ፈጥነው የሚነጡት ለዚህ ነው። የዳሽቦርዱ ዋና ጠላት ሙቀቱ ነው። ስለዚህ ለቅባት የሚያወጡትን ገንዘብ ታጣፊ የፀሐይ መከለያ ይግዙበት። መከለያ ቢያጡ በልኩ የተቆረጠ ካርቶንም ያገለግላል። ጸጉራሙ የዳሽቦርድ ልብስም ፀሐይ ይከላከላል፤ ሆኖም የተሳፋሪው ኤርባግ ከዳሽቦርዱ አናት ላይ የሚከፈት ከሆነ ያን ቦታ መሸፈንም ሆነ ልብሱን በማጣበቂያ መለጠፍ አይገባም።

ጥያቄ፦ የመኪናዬ ዳሽቦርድ ሙቀት ሲበረታ ጣት የሚይዝ ሙጫ ይመስላል። አንድ ወዳጄ «በቤንዚን ጥረገው» አለኝ። ትክክል ነው?
አንባቢ፣ ከድሬዳዋ

መልስ፦ አይደለም። ቤንዚን በተዘጋ መኪና ውስጥ የእሳት አደጋ ከመሆኑም በላይ የፕላስቲኩን ላይኛ ሽፋን ይበላዋል፤ ቲነርም እንደዚሁ። መጀመሪያ የሚያጣብቀው ምን እንደሆነ ይለዩ። የማይታይ ቦታ ላይ የመዳፍ ያህል ስፋት ከላይ እንደተገለጸው በሳሙና አጥበው ያድርቁ። በቀጣዩ ሞቃት ቀን ያ ቦታ ጣት ካልያዘ ችግሩ የቆየ ቅባት ነውና ቀሪውንም በዚያው መንገድ ያጽዱት። ተመልሶ ከተጣበቀ ግን የፈረሰው ራሱ ሽፋኑ ነው፤ ይህ በሙቀትና በዕድሜ የሚመጣ ስለሆነ በእጥበት አይመለስም። የሕፃናት ፓውደር የሚነሰንሱ አሉ፤ የሚያገለግለው ለጥቂት ቀናት ብቻ ነው። ዘላቂው መፍትሔ ዳሽቦርዱን በልኩ በተሰፋ ጨርቅ ማልበስ ወይም መለወጥ ነው።

ጥያቄ፦ በሚኒባስ ነው የምሠራው። የቪኒል ወንበሮቼን በበረኪና ሳጥብ ቆይቻለሁ፤ አሁን ስፌታቸው መላላት ጀምሯል። የእስክሪብቶ ቀለምስ በምን ይለቃል?
አንባቢ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ ለስፌቱ መላላት በረኪናው ትልቅ ድርሻ ሳይኖረው አይቀርም፤ ክሩን ያዳክማል፣ ቪኒሉንም ያደርቃል። ለዕለት ተዕለት ጽዳት የሳሙና ውኃ ይበቃል። የእስክሪብቶ ቀለም ሳይቆይ ከተደረሰበት፣ በሕክምና አልኮል በራሰ ጥጥ ሳይፈትጉ ነካ ነካ በማድረግ ይነሣል፤ አስቀድመው ከወንበሩ ሥር ይሞክሩት፤ ሲጨርሱም ወዲያው በውኃ ያጥቡት። ቀናት ያለፉት ቀለም ግን ቪኒሉ ውስጥ ስለሚሰርግ አይለቅም። የላሉትን ስፌቶች ወንበር የሚሰፋ ባለሙያ ዘንድ ወስደው አሁኑኑ ያጥብቁ፤ ተሳፋሪ ሲቀመጥባቸው ቀዳዳዎቹ ወደ ቪኒሉ ከተቀደዱ በኋላ ሙሉውን ልብስ መቀየር ይመጣል።