ምንም ሳያመኝ ለምን ልመርመር?

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 38 ነው። ምንም አያመኝም። እህቴ ግን «የማህፀን በር ካንሰር ተመርመሪ» ብላ ወጥራ ይዛኛለች። ምርመራው ያማል ሲሉ ሰምቼ ፈራሁ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እህትሽ ልክ ናት። በሽታው ሲጀምር ህመም የለውም። መነሻው ኤችፒቪ የሚባል ቫይረስ ነው፤ ወደ ካንሰር እስኪቀየር ብዙ ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይፈጃል። ቀድመን የምንደርስበት ሰፊ ጊዜ አለ ማለት ነው። ኤችአይቪ ካለ ግን ጊዜው ያጥራል።

ነርስ ነኝ፤ እጄን ጭምቅ አድርገው የሚይዙኝ ብዙ ናቸው። አንዱ ምርመራ እንዲህ ነው፦ ቀጠን ያለ አሴቲክ አሲድ፣ ያው የኮምጣጤው ማለት ነው፣ በጥጥ የማህፀን በሩን እንቀባለን። አንድ ደቂቃ ያህል እንጠብቃለን። የተለወጠ ህዋስ ካለ ነጣ ብሎ ይታያል። ትንሽ ሊያቃጥልሽ ይችላል። «በቃ፣ አለቀ?» ይሉኛል ሲነሱ።

ነጭ ታየ ማለት ካንሰር ነው ማለት አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ በማቀዝቀዝ ወይም በሙቀት ይወገዳል። ከግንኙነት በኋላ ደም ካየሽ ግን፣ እባክሽ፣ ዛሬውኑ ሂጂ።