እበት፣ ፋንድያ እና የውሻ ሰገራ አንድ አይደሉም

ጥያቄ፦ ሁለት ውሾችና አንዲት ድመት አሉን። ባለቤቴ የውሾቹን ሰገራ ጠርጎ ከላሟ እበት ጋር ኮምፖስት ውስጥ ይጨምረዋል፤ ሲበሰብስ ጎመኑም ሰላጣውም መደብ ላይ ይበተናል። «ከእበት በምን ይለያል?» ነው የሚለኝ። ድመቷ ደግሞ የግቢውን ወፍ ፈጀችው። ቃጭል ባስርላትስ?
አንባቢያችሁ፣ ከሱሉልታ

መልስ፦ የሚለየው በሚበላው ነው። ላሟ ሣር ትበላለች፣ ውሻ ሥጋና ሆድ ዕቃ። በበዓል በግ ሲታረድ ሳንባው ወይም ጉበቱ ላይ አንዳንዴ ውሃ የቋጠረ ነጭ ከረጢት ይገኛል። «ለሰው አይሆንም» ይባልና ለውሻው ይወረወራል። ከረጢቱ ግን የአንድ የኮሶ ትል ዘመድ እጭ ነው። ውሻው አንጀት ውስጥ በ6 ሳምንት ገደማ ጎልምሶ እንቁላሉ ከሰገራው ጋር ይወጣል። እንቁላሉ በሰላጣ በኩል ሰው ሆድ ከገባ ያው ከረጢት በሰውየው ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ለዓመታት ቀስ እያለ ያድጋል። ውሻው ምንም አይታይበትም፤ ይበላል፣ ይጮኻል፣ ስለዚህ ማንም አይጠረጥረውም።

ኮምፖስቱ በደንብ ቢሞቅ እንቁላሉን ይገድል ነበር። የግቢ ክምር ግን መሃሉ ቢግል እንኳ ዳር ዳሩ ቀዝቃዛ ነው። ሰላጣን በኮምጣጤ መዘፍዘፍም አያስተማምንም። ጎመኑ ስለሚበስል አያሰጋም። የተዘጋጀውን ኮምፖስት ለአበባና ለዛፍ ሥር ያውሉት፤ በመደቡ ላይም ለ2 ዓመት ያህል ጥሬውን የሚበላ ነገር አይዝሩ።

ለሰገራው ለብቻው ጉድጓድ ያስቆፍሩ፤ 1 ሜትር ጥልቀት፣ 50 ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ ከጉድጓድ ውሃ ቢያንስ 30 ሜትር የራቀ። መቀመጫው የተቆረጠ አሮጌ ባልዲ አፉ ላይ ይተከል፤ ጠርዙ ከመሬት ትንሽ ከፍ ይበል፣ ክዳን ይኑረው። በጣሉ ቁጥር አንድ እፍኝ ሰጋቱራ ወይም ደረቅ ቅጠል ጣል ያድርጉበት። ሊሞላ 20 ሳንቲ ሜትር ሲቀረው በአፈር ደፍነው ሌላ ይቆፈር። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በክረምት ነው፦ መረሬ አፈር ውሃ ስለማያሳልፍ ጉድጓዱ ይሞላና ጎርፉ ሁሉንም ይዞ ወደ ጓሮው ይወርዳል። ከመጀመርዎ በፊት አንድ ባልዲ ውሃ ያፍሱበት፤ በማግስቱም ካልሰረገ ከፍ ያለ ቦታ ይምረጡ።

ዋናው ግን ከምንጩ ማድረቅ ነው። ከረጢት ያለበትን ሳንባ ወይ በጥልቀት ቀብረው ድንጋይ ይጫኑበት፣ ወይ ቆራርጠው ቢያንስ 40 ደቂቃ ይቀቅሉት። የእንስሳት ሐኪም ውሾቹን መዝኖ ፕራዚኳንቴል (በኪሎ 5 ሚሊ ግራም) ይስጣቸው፤ በየስንት ጊዜው እንደሚደገም እሱ ይወስናል። «የትል መድኃኒት ሰጥቻለሁ» የሚሉ ብዙዎች የሰጡት አይቨርመክቲን ሆኖ ይገኛል፤ እሱ ይህን ትል አይነካውም። ፕራዚኳንቴልም ቢሆን ትሉን እንጂ እንቁላሉን ስለማይገድል፣ ከሰጡ በኋላ ለ3 ቀን ውሾቹን አስረው ሰገራቸውን ለቅመው ይቅበሩ።

ወደ ድመቷ ስንመጣ፣ ቃጭሉን ይተዉት። እንግሊዝ ውስጥ ተጠንቶ በ2021 በወጣ ጥናት ቃጭል ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላመጣም። ሥጋ የበዛበት ምግብ የተሰጣቸው ድመቶች ግን ወደ ቤት የሚያመጡት አደን በ36 በመቶ ቀንሷል፤ በቀን ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ያጫወቷቸው ደግሞ በ25 በመቶ። እንግዲህ እንጀራ በወጥ ብቻ አይስጧት፤ ማታም ቤት አስገብተው ረፋድ ላይ ይልቀቋት።