ሌላው ሲመረጥ

ውድ ልጆቼ፣

በተማሪዎች ማኅበርም ሆነ በሥራ ቦታ ለመሪነት ተወዳድራችሁ ሌላው የተመረጠ ዕለት፣ የዊልያም ጎልዲንግን «የዝንቦች ጌታ» እንድታነቡ እለምናችኋለሁ። በ1954 እ.ኤ.አ. የታተመው ይህ ልብ ወለድ፣ በጦርነት ጊዜ አውሮፕላናቸው ወድቆ ሰው በሌለበት ደሴት ላይ ያለ አንድ አዋቂ የቀሩ የእንግሊዝ ልጆችን ታሪክ ይተርካል። ደራሲው መምህር፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነትም የባሕር ኃይል መኮንን ስለነበር፣ የልጆችንም የጦርነትንም ጠባይ ከቅርብ ያውቃል።

ልጆቹ ድምፅ ሰጥተው ራልፍን አለቃ ያደርጉታል። ሹመቱ ለእኔ ይገባል ያለው የመዘምራኑ መሪ ጃክ ፊቱ በእፍረት ይቀላል፤ ራልፍም ይህን አይቶ መዘምራኑ በአንተ ሥር ይሁኑ ይለዋል። ይህን የራልፍን አድራጎት እጅግ እወደዋለሁ፤ ያሸነፈ ሰው የተሸነፈውን ፊት ማየት አለበትና። ጃክም የአዳኞች አለቃ ሆነ፤ ለመርከብ ምልክት እንዲሆን በተራራው ጫፍ የሚነደውን እሳትም እኛ እንጠብቃለን ብሎ በገዛ አፉ ቃል ገባ።

አንድ ቀን ከአድማሱ ላይ የመርከብ ጭስ ይታያል። ራልፍ ቁጥቋጦው እየቧጨረው ተራራውን ሮጦ ሲወጣ እሳቱ ጠፍቷል፤ ጃክ ጠባቂዎቹን ለአደን ወስዷቸው ነበር። አዳኞቹ የገደሉትን አሳማ በእንጨት ተሸክመው እየዘመሩ ይመጣሉ። ከልጆቹ አንዱ፣ ባለ መነጽሩ ፒጊ፣ ሲወቅሰው ጃክ ይመታዋል፤ የፒጊ መነጽርም አንዱ መስተዋት ይሰበራል። እሳት የሚለኮሰው በዚያ መነጽር ነበር። ጃክ ስለ እሳቱ ይቅርታ ይጠይቃል፤ ስለ መነጽሩ ግን ትንፍሽ አይልም።

ይህን ገጽ ባነበብሁ ቁጥር የራሴን ጥፋት አስታውሳለሁ። በአንድ የመንገድ ግንባታ ላይ ወጣት መሐንዲስ ሳለሁ፣ የቡድን መሪነቱ በዕድሜ ለሚያንሰኝ ባልደረባዬ ተሰጠ። ቅር ስላለኝ፣ በእጄ የነበረውን የአፈር ምርመራ ውጤት ካልጠየቀኝ ለምን እሰጠዋለሁ ብዬ ሦስት ሳምንት በመሳቢያዬ አቆየሁት። ሥራው ዘግይቶ ክረምት ገባ፤ በቀን ሂሳብ የሚከፈላቸው ሠራተኞች ጓዛቸውን ጠቅልለው ሲሄዱ ከድንኳኑ ደጃፍ ቆሜ አየሁ።

ስለዚህ ቅሬታችሁን ደብቁ አልላችሁም፤ ነገር ግን በዚያው ሳምንት በእጃችሁ ካለው ሥራ ውስጥ ሌሎች ሰዎች የሚጠብቁት የትኛው እንደሆነ ለዩና እርሱን ቀድማችሁ አድርሱ። ጃክ ይህን አላደረገም። ራልፍ ይውረድ ብሎ ድምፅ ሲጠይቅ አንድም እጅ ስላልተነሣለት፣ እያለቀሰ ተለይቶ የራሱን ጭፍራ አቋቋመ። ከዚያ በኋላ ከልጆቹ ሁለቱ፣ ስምዖንና ፒጊ፣ ተገደሉ።

በመጨረሻ መርከብ የመጣው፣ የጃክ ወገኖች ራልፍን ከተደበቀበት ለማስወጣት ደሴቲቱን ሲያቃጥሉ የተነሣውን ጭስ አይቶ ነው። ከመርከቡ የወረደው መኮንን አለቃችሁ ማን ነው ብሎ ሲጠይቅ፣ ራልፍ እኔ ነኝ ይላል። ጃክ የፒጊ መነጽር ስባሪ ከወገቡ እንደተንጠለጠለ ወደ ፊት ሊራመድ ይጀምርና፣ ሐሳቡን ለውጦ ባለበት ይቆማል።